ቮልሷ የቆመችበት ምክንያት

በዕውቀቱ ከደብረ ብርሃን መጣ ሲባል ውባየሁ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ያረመችውን ደብተር መልሳ አረመችው፤ ትክክል የሠራውንም ልጅ ስህተት አለችው። ይህች ሴት እንግዲህ የሚቀጥለው እሑድ ሙሽራ ናት። የምትዳረውም መሐል ሜዳ ላይ እህል ለሚነግደው ለታዲዮስ ነው። ታዲዮስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋ ነው፣ ረጋ ያለ ነው። ግን የእሱ ስም ሲጠራ እስክሪብቶዋ ቆሞ አያውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቷ መኪና ነው። ግራዝማች ተክለጻድቅ በንጉሡ ጊዜ የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳሉ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ገዝተው ወደ ቀያቸው ሞላሌ ይዘዋት ገቡ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ቮልሷ አልተለወጠችም። ለዚህች መኪና አመሏን የሚያውቅላት አንድ ሰው ቢኖር በዕውቀቱ ነበር። በዕውቀቱ የቀጥቃጩ የአወቀ ልጅ ነው። አባቱ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፤ ልጁ ደግሞ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ሙያ ተምሮ ተመለሰ። ገበሬው ያለ አወቀ ማረሻ አያርስም፤ ከአወቀ ጋር ግን አንድ ገበታ አይቀርብም፣ ልጁንም አይድርለትም። የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ይላላ። ይህን የሚሉት ሰዎች የአወቀን ማጭድ በእጃቸው እንደያዙ ነው።

በዕውቀቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቮልሷን ሊያይ ይመጣ ነበር። ከመሪው ዘንግ ሥር ባለው መሸፈኛ ላይ ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች። ውባየሁ ደብዳቤዋን እዚያ ትሰካለታለች፤ እሱም መልሱን እዚያው ያኖርላታል። አንድ ዓመት ሙሉ ግራዝማች በልጃቸው የፍቅር ደብዳቤ ላይ መሪ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመልሰዋል።

ከዚያ አንድ ሐሙስ በዕውቀቱ ሽማግሌ ላከ። ግራዝማች አክብረው አስቀምጠው፣ አብልተው አጠጥተው፣ "ዘመድ እንማከር" ብለው መለሷቸው። ቅዳሜ በዕውቀቱ መጣ። እጁን ከመሪው ሥር ከቶ ሲዳብስ የውባየሁ እናት ወይዘሮ አረጋሽ በመስኮት አዩት። ከግቢው ወጣ፣ በዚያው ደብረ ብርሃን ገባ። በማግስቱ ግራዝማች ለማኅበር ሊሄዱ ተነሥተው ቁልፉን ቢያዞሩት አልዞር አለ። መሪውም ደርቆ ቀረ።

"ልጃችንን ብንከለክለው ዓይኑን መኪናችን ላይ ጣለ፤ እጁን ሲሰድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ" አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

ወሬው ከግቢው ወጥቶ ገበያ ገባ። መኪና የበላ ዓይን በሬ አይምርም ተባለ። ሰው ማረሻውን ጭኖ ዘመሮና መሐል ሜዳ መሄድ ጀመረ። የአወቀ ወናፍ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

ያ እጅ ከመሪው ሥር ምን ይፈልግ እንደነበር ግን ውባየሁ ታውቃለች። ከእሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አልተናገረችም። ብትናገር የግራዝማች ልጅ፣ አስተማሪዋ፣ ከቀጥቃጭ ልጅ ጋር በድብቅ ትጻጻፋለች ሊባል ነው። ደግሞም ተቀይማለች፤ የመጨረሻ ደብዳቤዋን ወስዶ አንዲት ቃል ሳይመልስላት የሄደ መስሏታል። ፍርሃትና ቂም አንድ ላይ ሲገጥሙ ዝም ማለት ቀላል ነው። ሁለት ዓመት ዝም አለች፤ ታዲዮስ ሽማግሌ ሲልክም ዝም አለች፤ ዝምታዋን እሺታ ነው ብለው ወሰዱት።

አሁን በዕውቀቱን ያስጠሩት የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ መርስዔ ኃዘን ናቸው።

"ግራዝማች፣ አወቀ ክረምቱን ያለ ሥራ አሳለፈ። አሁን ደግሞ አልጋ ይዟል፤ ሰው አይጠይቀውም" አሏቸው። "ልጁ ይምጣና መኪናዋን በፊታችን ይክፈታት። ብረት ከሆነ ብረት ነው ይባል። ሌላ ነገርም ከሆነ ይለይለት።"

ግራዝማች ልጃቸውን በገዛ መኪናቸው ይዘው መሸኘት ይመኙ ነበርና እሺ አሉ።

*

ቅዳሜ ጧት ነፋሱ ባሕር ዛፉን እያጎነበሰው በዕውቀቱ ባትሪ በትከሻው፣ የመፍቻ ከረጢት በእጁ ይዞ በበሩ ገባ። ከስቷል። ግራዝማች፣ ቄሱና ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ከቮልሷ መጠለያ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አረጋሽ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበው ከደጃፉ ቆመዋል፤ የመኪናዋ መስታወት ላይም ከማለዳው ክታብ አንጠልጥለውበታል። በዕውቀቱ ክታቡን አየው። በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አንሥቶ፣ እንዳይቆሽሽ ወንበሩ ላይ አኖረው። ሁሉንም በየተራ እጅ ነሣ። ውባየሁን አላያትም። አለማየቱን ደግሞ እንድታየው አድርጎ ነው ያላያት።

"የምሠራውን እየተናገርኩ ነው የምሠራው" አለ ለሽማግሌዎቹ። "ያልገባችሁን ጠይቁኝ።"

መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን አንሥቶ ያመጣውን ባትሪ አሰረ። የውስጥ መብራቷ በራ። "ኤሌክትሪኩ ደህና ነው" አለ። ቁልፉን ተቀብሎ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ተበልቷል። ግራዝማች ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡትን፣ መኪናዋን ሲገዙ የመጣውን ሁለተኛውን ቁልፍ አስመጣ። እሱም ገባ እንጂ አልዞር አለ። "እንግዲያው ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም። ይህኛው ጥርሱ አልተነካም።"

"እርሳስ ይኖራል?" ሲል ጠየቀ ቀጥሎ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

አስተማሪ ባለበት ቤት እርሳስ አይጠፋም። ውባየሁ አምጥታ ሰጠችው። በቢላዋ ከሰሉን ፍቆ አደቀቀውና ቁልፉ መግቢያ ውስጥ እፍ አለው።

"ቅቤ ባደረግህበት" አሉ ወይዘሮ አረጋሽ፤ ቢጠሉትም ሳይመክሩ ማለፍ አይሆንላቸውም።

"ቅባት አቧራ ይሰበስባል እትዬ። የእርሳስ ከሰል ግን ያለሰልሳል።"

ቁልፉን ለማዞር እየሞከረ መሪውን በሌላ እጁ ግራና ቀኝ ወዘወዘው። ጎማው ተጣሞ የቆመ እንደሆነ መሪው ይታነቃል፤ ሲወዘውዙት ይለቃል። ይህ አልለቀቀም። ጆሮውን ወደ ዘንጉ አስጠግቶ ደግሞ ወዘወዘው።

"ቁልፉ ሲነቀል ከዚህ ውስጥ አንድ የብረት ምላስ ወጥቶ መሪውን ያስራል። ሌባ እንዳይወስዳት ነው" አለ። "ቁልፉ ሲዞር ምላሱ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። አሁን አልመለስ ብሏል። ብረት ከብረት ቢጋጭ ደግሞ ይጮህ ነበር። ይህ አይጮህም። መሐላቸው ለስላሳ ነገር አለ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው አማተቡ። ለስላሳ ነገር ሲባል ሁሉም በየፊናው መድኃኒትና ጨርቅ እያሰበ ጉምጉምታው ተጀመረ። በዚያ መሐል በዕውቀቱ እርሳሱን ሊመልስላት ወደ ውባየሁ ጠጋ አለ።

"ይቆይህ" አለችው።

"አይሆንም። ከዚህ ቤት ምንም ይዤ መውጣት አልፈልግም።"

"በዕውቀቱ፣ ያን ቀን እጅህን ለምን እንደከተትክ..."

"ታውቂያለሽ። ማወቅሽን አውቃለሁ።" ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ዓይኑ ግን አሁን ተነሥቶ ፊቷ ላይ አረፈ። ሁለት ዓመት የናፈቀችው ዓይን ይህ አልነበረም። "አባቴ ታሞ ደጁን የሚረግጥ ሰው ጠፍቷል። እናቴ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ይሸፍናሉ። አንቺ ታውቂ ነበር፤ ዝም አልሽ።"

"አንተስ ዝም አላልከኝም? ያን ሁሉ ጽፌልህ፣ ወስደህ..."

"ምን ወሰድኩ?"

"ደብዳቤዬን።"

"ምንም አልነበረም።" ፊቱ ሲለወጥ አየችው። "ሦስት ጊዜ ዳብሻለሁ። ባዶ ነበር።"

"አርብ ማታ አኑሬያለሁ።"

"ውባየሁ፣ ባዶ ነበር እኮ።"

ያኔ የገዛ ጣቷ ትዝ አላት። ያ ደብዳቤ እንደ ወትሮው አንድ ገጽ አልነበረም፤ አራት ገጽ ነው። ጠቅልላ በሰማያዊ ክር አስራው ነበር። እናቷ ከጓሮ ሲመጡ ሰምታ ተደናግጣ በአውራ ጣቷ ገፋችው። አልገባ ሲላት ደግማ በኃይል ገፋችው። ሲገባ እፎይ ብላ ነበር።

"በል እንጂ ልጄ!" ሲሉ ቄሱ ተጣሩ። በዕውቀቱ ፊቱን አዞረ። ውባየሁ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች። የአራት ገጽ ወረቀት ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

*

መሪውን የያዘውን ዳዶ በመፍቻ ፈታ፤ መሪውን በሁለት እጁ ነቅሎ ለግራዝማች አስያዛቸው። ሽማግሌው መሪያቸውን እንደ ታመመ ልጅ ጭናቸው ላይ አድርገው ታቀፉት። ከዚያ በዕውቀቱ የመሸፈኛውን ቡሎኖች በካቻቢቴ ፈታቸው። እያንዳንዱ ቡሎን በወጣ ቁጥር ውባየሁ ልብሷን አንድ በአንድ የሚያስወልቋት መሰላት። ቢገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እዚህ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የታዲዮስን ቃል የተቀበሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ጠላው ተጠምቋል፤ ዘመድ ከቀየትና ከግሼ ተጠርቷል። ባይገኝስ? ባይገኝ አወቀ እንደተጠላ ይሞታል።

በዕውቀቱ የቁልፉን ቤት ፈትቶ ወደ ታች ሳበው። ሁለት ጣቱን ሰደደ። ትንሽ ቆየ። ጀርባውን ለሽማግሌዎቹ ሰጥቶ ስለነበር ፊቱን ያየችው በጎን የቆመችው እሷ ብቻ ናት። ያ ፊት መጀመሪያ ተገረመ፤ ከዚያ አንዳች ነገር ውስጡ የተቆረጠ ይመስል ተሸበሸበ። እጁ ሲወጣ ተጨብጧል።

"ምንድን ነው?" አሉ ግራዝማች።

"ዝገት ነው" አለ በዕውቀቱ። "ሞላዋ ተሰብራ ምላሱን ይዛው ነው። አሁን ይሠራል።"

"እስቲ አሳየን።"

"ረግፏል ግራዝማች። ዱቄት ሆኗል።"

"ለስላሳ ነው ብለኸን አልነበረም እንዴ?" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"ተሳስቼ ነው።"

"ታዲያ እጁን ምን ያስጨብጠዋል?" ወይዘሮ አረጋሽ ከደጃፉ ወረዱ። "ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር ጨብጦ የወጣው! የጣለውን ነገር መልሶ እየወሰደ ነው። እኔ ብል ሰው አይሰማኝም።"

ቄስ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ከጉያቸው አወጡ። ፊታቸው ላይ ኀዘን ነበር። "በዕውቀቱ ልጄ፣ የተጠራኸው የአባትህ ስም እንዲነጻ ነው። የምታሳየን ከሌለህ ግን እኛ ምን ብለን እንመስክር?"

በዕውቀቱ እጁን ወደ ጎኑ አስጠጋ። ከጡጫው ጥግ አንዲት የሰማያዊ ክር ጫፍ ወጥታ ትታያለች። ውባየሁን አንድ ጊዜ አያት፤ ራሱንም በጣም በትንሹ ነቀነቀ። አትናገሪ ነው። ሊያድናት ነው። ለአባቱ ሊታገል ሃምሳ ጊዜ በልቡ የተለማመደውን ሰዓት፣ ለእሷ ብሎ እጁ ውስጥ ጨፍልቆ ይዞት ሊሄድ ነው። ደብዳቤውን ገና አላነበበውም እኮ፤ ምን እንደሚል እንኳ አያውቅም።

በዚያች ቅጽበት ውባየሁ እንደምትወደው አወቀች፤ በራሷም እጅግ አፈረች። የትኛው እንደቀደመ በኋላ ስታስበው ለይታ አታውቅም።

"የእኔ ደብዳቤ ነው" አለች።

ማንም የሰማ አልመሰላትም። ወደ ፊት መጥታ በአባቷና በመኪናዋ መሐል ቆመች።

"እጁ ውስጥ ያለው የእኔ ደብዳቤ ነው አባባ። መኪናዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ። ያኔ እጁን የከተተው ደብዳቤዬን ሊወስድ ነው። እኔ ገፍቼው ወደ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። በየቅዳሜው እንጻጻፍ ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ቡዳ ሲለው የሰማሁት።"

የወይዘሮ አረጋሽ እጅ ወደ አፋቸው ሄደ። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ። ነፋሱ ብቻ የመጠለያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

"ስጣት" አሉ ግራዝማች።

በዕውቀቱ ጡጫውን ከፈተ። ወረቀቱ ተጨምድዶ፣ የብረቱ ምላስ ነክሶት፣ ጠርዙ ዝገት ጠጥቶ ቀልቷል።

"ከጻፍሽው አንብቢው።"

"አባባ..."

"ሰው በጨለማ የሚለው ይህን ያህል ጊዜ ከተሰማ፣ የተጻፈውም በቀን ይሰማ። አንብቢ።"

አነበበች። ክፍል ውስጥ የሚሰማው የአስተማሪነት ድምፇ ጠፍቶ ነበር።

"'በዕውቀቱ፣ ሽማግሌዎችህ ሲወጡ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ አየኋቸው። አባባ ዘመድ እንማከር ማለታቸው እምቢታ መስሎህ እንዳትከፋ። በእኛ ወግ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን እንደ ጠላ ይቆጠራል። እማዬን ሲጠይቁ አያቴ ሦስት ጊዜ ነው የመለሷቸው። መልሰህ ላካቸው። ቢመልሷቸው ደግመህ ላካቸው። አባባ ዛሬ ማታ ሁለት ጊዜ ስለ አንተ ጠየቁኝ፤ ስለ ሙያህ ነው፣ ስለ ዘርህ አይደለም። እኔ ከአንተ ሌላ የማንም አልሆንም። ነገ ስትመጣ መልስህን እዚያው አኑርልኝ። ካላኖርክልኝ ግን ትቶኛል ብዬ እቆርጣለሁ፣ ሁለተኛም አልጽፍም።'"

ሌላም ሦስት ገጽ ነበር። እሱን ማንበብ አልቻለችም፤ ማንም አንብቢ አላላትም።

በዕውቀቱ የመኪናዋን በር ይዞ ቆሟል። "መመለሳቸው ወግ መሆኑን መች አጣሁት" አለ ቀስ ብሎ። "ለሌላው ወግ ነው። እኛን 'ተመለሱ' ሲሉን ግን የምር ነው። አባቴ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ አንድ ደጅ አንኳኩቶ አያውቅም። ባዶውን ክፍተት ስዳብስ፣ እሷም እንደ ሌላው ሰው ናት አልኩ።"

ውባየሁ የቀሩትን ገጾች አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘቻቸው።

"ግራዝማች፣ እግዚአብሔር በመሐላችን ነው" አሉ ቄሱ። "በሁለተኛው ቢመጡ ምን ሊሉ ነበር?"

ግራዝማች መሪውን ጭናቸው ላይ ዞር አደረጉት፣ መለስ አደረጉት። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ዳኛ ፊት የሰው ቃል ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ሁለት ሳምንት ጠብቄያለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ሳይመለሱ ሲቀሩ ናቁን ብዬ ተቆጣሁ። ቢመጡ ምን እል እንደነበር ግን አላውቅም። እምቢ እል ነበር ብዬ እፈራለሁ።" መሪውን ለበዕውቀቱ ዘርግተው "በል፣ መሪዬን ግጠምልኝ" አሉ።

በዕውቀቱ ገጠመው። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ዓይኑ ግን ዳዶውን ያየው አይመስልም። የቁልፉን ቤት መለሰ፣ ቡሎኖቹን አጠበቀ፣ አሮጌውን ቁልፍ ከቶ አዞረው። ዞረ። ከኋላ ያለው ሞተር ሁለቴ ሳለ፣ አቧራውን ተፋ፣ ተነሣ። ወይዘሮ አረጋሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። ለማን እንደሚያለቅሱ አልታወቀም፤ ለልጃቸው ይሁን፣ ለሠርጉ ይሁን፣ በወሬያቸው ለደረቀው ለዚያ ቤት ይሁን።

ግራዝማች ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"አወቀ የተኛው ከወንዙ ማዶ እቤቱ ነው?"

"አዎን ግራዝማች።"

"ውሰደኝ።"

"በገበያው በኩል እኮ ነው መንገዱ" አሉ አንዱ ሽማግሌ። "ዛሬ ገበያው ሙሉ ነው።"

"አውቃለሁ። በመሐሉ ይለፍ።" ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "ምሳዬን እዚያው እበላለሁ። ከገበታቸው ላይ።" ከዚያም ቄሱን "ለታዲዮስ ቤተሰብ ምን እንደምል አላውቅም። ማታ ይምጡና አብረን እናስብ" አሏቸው። ድምፃቸው ደከመ።

ለውባየሁ ምንም አላሏትም። አላዩአትም። ደብዳቤዋን በደረቷ እንደያዘች ከመጠለያው ምሰሶ አጠገብ ቆማለች። ሠርጓ ፈርሶ ይሁን ጸንቶ አታውቅም። በዕውቀቱ ይቅር ይበላት አይበላት አታውቅም፤ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል። ሁለት ዓመት በዝምታዋ የተሠራው ነገር በአንድ ጧት እንደማይፈርስ ግን ታውቃለች። በአወቀ ፊት ብትቆም የምትለውን አንድ ቃል እንኳ አላገኘችም።

ቮልስ በሩ ሁለት ብቻ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ካለ የፊቱ ወንበር ታጥፎ ካልተያዘለት አይገባም። ግራዝማች በሩን ከፈቱ። ክታቡን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ግን አልተቀመጡም። ወንበሩን ወደ ፊት አጠፉትና፣ በአሮጌ እጃቸው ይዘውት፣ ወደ ማንም ሳያዩ በነፋሱ ውስጥ ቆመው ጠበቁ።

ውባየሁ ይህ ይቅርታ ይሁን ቅጣት አልገባትም። ዕንባዋን ሳትጠርግ ሄዳ ገባች።